የበዓሉ በግ ቆዳ አጎዛ እንዲሆን፦ ለጀማሪዎች

በበዓል ማግስት ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ በየአጥሩ ሥር የበግ ቆዳ ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። የቆዳ ዋጋ ስለወደቀ ሰብሳቢው አይመጣም፤ ባለቤቱም ውሻ እስኪጎትተው ይተወዋል። ይህ የሚያሳዝን ብክነት ነው። የመንዝ በግ ብርድ ያሳደገው፣ ከሥር ለስላሳ ከላይ ጠንከር ያለ ጠጉር የደረበ በግ ነው። ቆዳው ለእረኛው ደበሎ፣ ለቆሎ ተማሪው ለምድ፣ ለእንግዳው የመደብ ምንጣፍ ሆኖ የኖረ ነው። አንድ ጀማሪ በግቢው ውስጥ፣ ከሱቅ በሚገኙ ነገሮች፣ በሦስት ሳምንት ገደማ ከአንድ የበግ ቆዳ የማይሸትና እንደ ሳንቃ የማይደርቅ አጎዛ ማውጣት ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልን፦ አጎዛ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል ገና ሳይነካው፣ ከመታረዱ አንስቶ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

ጠጉራም ቆዳ ሲባል ሐሳቡ ወደ ዱር የሚሄድ ካለም እዚሁ ይቁም። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ሣራማ ደጋ ላይ የተዘረጋ ወጥመድ የሚይዘውን አይመርጥም። ለተራ ቀበሮ የታሰበ ሽቦ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለውን ቀይ ቀበሮ ይይዛል። ጭላዳም እንዲሁ የኛ ብቻ ነው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ ቆዳቸውን መያዝና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣርና አውሬ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ እዚህ አድርሷል፤ ያንን ማፍረስ ለማንም አይጠቅምም። የኛ ሥራ በጓዳ በጓሮ ካለው በግ ላይ ነው።

በጉን መምረጥ

ለአጎዛ የሚሆነው ከተሸለተ ከሦስት እስከ አምስት ወር የሞላው፣ ጠጉሩ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የደረሰ በግ ነው። ከዚህ ያጠረው ሲቀመጡበት አይመችም፤ በጣም የረዘመው ደግሞ ሲታጠብ ይተበተባል። አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለ በግ ጠጉሩ ረዘም ስለሚል የበለጠ ማበጠር ይፈልጋል። ዶርፐር ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለው ግን ጠጉሩ አጭርና የሚረግፍ ዓይነት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

በግ ስትገዙ ላቱንና ሽንጡን ብቻ አትዳብሱ። ጠጉሩን በሁለት እጅ ከፈል አድርጋችሁ እስከ ቆዳው ተመልከቱ። ቅማል ወይም ክንፍ የሌለው፣ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ ደም መጣጭ ዝንብ ካለ ቆዳው ላይ እከክ ይኖራል። ደጋው ብርድ ስለሆነ ይህ ዝንብ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቦታ ይመቸዋል። እከክ ያለበት ቆዳ ጠጉሩ እስካለ ድረስ ከላይ ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን በጉ ሲያሳክከው ከአጥርና ከድንጋይ ጋር እየታሸ ጠጉሩን በየቦታው ይነቅለዋል፣ ቆዳውም ይጎረብጣል። በግ የምታረቡ ከሆነ ከሽልት በኋላ ጸረ ተባይ መድኃኒት ማስነከር ወይም ማስረጨት ለቆዳውም ለበጉም ይበጃል።

አሁን ደግሞ የማይታለፍ ማስጠንቀቂያ። ታርዶ ያልሞተን፣ በድንገት ወድቆ የተገኘን በግ ቆዳ በፍጹም አትግፈፉ። በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው፣ በድኑ ቶሎ የተነፋና ያልገተረ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በቆዳና በጠጉር ላይ የተጣበቀው የአባ ሰንጋ ዘር ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ወደ ሰው የሚገባውም በተጫረ እጅና በትንፋሽ ነው። ጨውም ሆነ ፀሐይ አይገድለውም። እንዲህ ያለውን በድን ሳትከፍቱ ለእንስሳት ሐኪም አመልክቱ።

አገፋፈፍ

በበዓል ቀን አራጁ ከግቢ ግቢ ይሮጣል። የሚከፈለው ለሥጋው ስለሆነ ቆዳው ላይ ለሚጥለው ቀዳዳ ደንታ አይኖረውም። ቢላው በጉ ላይ ሳያርፍ “ቆዳውን ለአጎዛ እፈልገዋለሁ፣ በዝግታ ግፈፍልኝ” ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ለጊዜውም ጥቂት ጨምሩለት። ይህች ትንሽ ገንዘብ ከሁሉም ኬሚካል የበለጠ ትጠቅማለች።

በጉ የሚታረደው በጭድ፣ በሣር ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ይሁን። ጭቃ ላይ መጎተት ጠጉሩን ያቆሽሻል፣ ድንጋይ ላይ መጎተት ደግሞ ቆዳውን ይልጣል። ደሙ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ በቆዳው ሥር የቀረ ደም ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚያ በጉን በኋላ እግሮቹ ሰቅሎ መግፈፍ ከመሬት ላይ ከመግፈፍ ይሻላል።

ስልቻ ለመሥራት የፍየል ቆዳ ሳይቀደድ በሙሉ ይወጣል። አጎዛ ግን ተከፍቶ የሚዘረጋ ስለሆነ አከፋፈቱ ይለያል። አንዱ መስመር ከአንገት ተነሥቶ በፍርምባው መሐል፣ በሆዱ መሐል አድርጎ እስከ ላቱ ሥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ከአንዱ የፊት እግር ጉልበት ወደ ፍርምባው፣ ከዚያ ወደ ሌላው የፊት እግር ያልፋል። ሦስተኛው ከአንዱ ቋንጃ በፊንጢጣው ፊት አልፎ ወደ ሌላው ቋንጃ ነው። ቢላው ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ይቁረጥ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተቆረጠ ጠጉሩን አብሮ ይላጫል፣ የተላጨው ጠጉርም ሥጋው ላይ ይበተናል።

መስመሮቹ ከተከፈቱ በኋላ ቢላው ቦታ የለውም። ቆዳውን በአንድ እጅ ሳብ አድርጎ በሌላው እጅ ጡጫ በሥጋውና በቆዳው መካከል መግፋት ነው። ሥጋው ገና ሙቅ ሳለ ቆዳው በቀላሉ ይለቃል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ይጣበቃል፣ አራጁም ወደ ቢላው ይመለሳል። ቀዳዳ በብዛት የሚወጣው በሽንጥ፣ በብብትና በብሽሽት ነው፤ ቆዳው እዚያ ስስ ነው። ላቱ ላይ ስብ ከቆዳው ጋር ስለተያያዘ እዚያ ብቻ ቢላ ጥቂት ይፈቀዳል። ስቡ ቆዳው ላይ ቢቀር ይሻላል፣ በኋላ ይፋቃል፤ የተበሳ ቆዳ ግን በኋላ አይሞላም። ሙሉ በሙሉ ያልበሳ የቢላ ጭረትም ቢሆን ቆዳው ሲለፋ ተከፍቶ ቀዳዳ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

የተገፈፈ ቆዳ የሰውነት ሙቀት አለው። ተጠቅልሎ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ከቆየ ሙቀቱ ውስጡ ይቀራል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ መጀመሪያ የሚበላውም የጠጉሩን ሥር የያዘውን ክፍል ነው። ያኔ ቆዳው ገና ሳይሸት ጠጉሩ መልቀቅ ይጀምራል። ይህ ከደረሰ በኋላ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ስለዚህ ቆዳው እንደወጣ የሥጋው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ጥላ ሥር፣ ንጹሕ ነገር ላይ ይዘርጋ። ጠጉሩ ላይ ደም ከፈሰሰ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ነጭ ጠጉር ላይ ያረጋዋል። ፋንድያና ጭቃም አብሮ ይውጣ። ከዚያ በዘንበል እንጨት ላይ ተሰቅሎ ውኃው ይንጠፍጠፍ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ደጋው ላይ፣ ለምሳሌ ታኅሣሥ ውስጥ በሞላሌ ወይም በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሦስት አራት ሰዓት ቢዘገይ ላይጎዳ ይችላል። ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለም፤ ቆዳው እንደቀዘቀዘ ወዲያው ጨው ይነስነስበት። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ የለመደ አካባቢ ብዙ ነው፤ ለአጎዛ አንመክረውም። ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ወፍራሙ የአንገቱ ቦታ ይበሰብሳል፤ በኋላም በውኃ ሲነከር ይሰነጠቃል።

ጨው

የአንድ መካከለኛ የመንዝ በግ እርጥብ ቆዳ ከነጠጉሩ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። ጨው የቆዳውን ክብደት ግማሽ ያህል ይፈልጋል፤ ማለትም ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ። ከአፋር የሚመጣው ተራ የወጥ ጨው ይበቃል። ጠጠር ያለው ከሆነ ይወቀጥ፤ ትልቅ ጠጠር በቆዳው ላይ ቀዳዳ የመሰለ ምልክት ይተዋል፣ ቶሎም አይሟሟም። አንድ ጊዜ ቆዳ ላይ የዋለ ጨው ባክቴሪያ ይዟልና አይደገም።

ጨው ከመነስነሱ በፊት የተንጠለጠለው ሥጋና ትልልቁ ስብ ይነሣ፤ ጨው ስብን አልፎ ወደ ቆዳው አይገባም። ጆሮ፣ ከንፈርና የእግር ጫፍ ተቆርጦ ይጣል። ከዚያ ቆዳው የሥጋው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ተዘርግቶ ጨው በእጅ እየታሸ ይነስነስ። ሰው የሚረሳው ጠርዙን ነው፤ ቆዳው ጠርዙ ላይ ይጠቀለልና ከጥቅሉ ሥር ጨው ሳይደርስ ይቀራል። ጠርዙን እየዘረጋችሁ እስከ መጨረሻው ክር ድረስ አሹ። አንገቱ ወፍራም ስለሆነ እጥፍ ይሁንለት።

በማግሥቱ ጨው የቀዳው ውኃ ወርዶ ታገኛላችሁ። እርጥቡን ጨው ጠርጋችሁ ቀጭን አዲስ ጨው ድገሙ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ቆዳው ጠንከር ብሎ ውኃ ማንጠባጠብ ያቆማል። ወደ ሥራው ወዲያው መግባት ካልቻላችሁ የሥጋውን ወገን ከሥጋው ወገን አጥፋችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል አስቀምጡት፤ በደጋው ብርድ ጥቂት ወራት ይቆይላችኋል። አይጥና ውሻ እንዳይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይሁን።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሆዱና ከብሽሽቱ አካባቢ ጥቂት ጠጉር በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉ። ከያዘ ቆዳው ደኅና ነው። በብዛት ተነቅሎ ከመጣ ድካማችሁን በሌላ ቆዳ ላይ አውሉት።

ማራስና መፋቅ

በሳፋ ወይም በፕላስቲክ በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ አድርጋችሁ በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ቆዳው እንደ ትኩስ ቆዳ እስኪለሰልስ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይነከር። ማታ ነክሮ ጠዋት ማውጣት ለደጋው ይስማማል። ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ውኃው ከቆሸሸ መሐል ላይ ይለወጥ።

ለመፋቂያ ልጡ የተላጠ፣ ለስላሳና ክብ ግንድ ይበጃል። የግንዱ አንድ ጫፍ ሆድ የሚያህል ከፍታ ላይ ይደገፍ፣ ሌላው መሬት ይንካ። ቆዳው ጠጉሩ ወደ ታች ሆኖ ግንዱ ላይ ይነጠፍ። መፋቂያው ስለት የሌለው ብረት ይሁን፤ የአሮጌ ማጭድ ጀርባ ወይም በሞረድ የደነዘ ረዥም ቢላ በሁለት በኩል እጀታ ተደርጎለት ይሠራል። ወደ ፊት እየገፋችሁ ሥጋውን፣ ስቡንና ከላይ ያለውን ስስ ገለፈት አንሡ። ገለፈቱ ወሳኝ ነው። እሱ ከቀረ ማልፊያው ኬሚካል አይገባም፣ አጎዛውም በዚያ ቦታ ወረቀት ሆኖ ይደርቃል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ስቡ ሲያልቅ ነው፤ ገለፈቱ ግን ከዚያ በኋላም አለ። በጥፍር ጠርዝ ላይ ቆንጠጥ ብታደርጉት እንደ ቀጭን ወረቀት ይነሣል።

በግንዱና በቆዳው መካከል ከጠጉሩ ጋር የተጣበቀ ጭቃ ወይም እሾህ ካለ መፋቂያው እዚያ ላይ ሲያልፍ ቆዳውን ይበሳል። ስለዚህ ከመፋቅ በፊት ጠጉሩን በጣት ፈትሹ። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች በሥጋው ወገን መታየት ከጀመሩ የጠጉሩ ሥር ላይ ደርሳችኋልና በዚያ ቦታ አቁሙ። ላት የነበረበት ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ መፋቅ ይፈልጋል።

ማጠብ

የበግ ጠጉር በተፈጥሮው ቅባት አለው፤ ይህ ካልወጣ አጎዛው ይሸታል፣ ቢጫ ይሆናል። ለብ ያለ፣ ክርን ሲነካው የማያቃጥል ውኃ ተጠቀሙ። ከዚያ የሞቀ ውኃ ሁለት ጉዳት አለው፦ ጠጉሩን ይተበትባል፤ በጣም ከሞቀም ያልለፋውን ቆዳ ያኮማትራል። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይሻላል፣ ለ10 ሊትር ውኃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ጠጉርን ስለሚያደርቅና ስለሚያሻክር ይቅር። እንዶድም ጠጉርን ሳይጎዳ ያጸዳል፤ ነገር ግን ያጠባችሁበትን ውኃ ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያገኙት አጣቢዎች ከሚውሉበት ወንዝ ነበር፤ ዓሣንም ይገድላል።

አታሹት። ጠጉሩን ወደ ታች እየጫናችሁ ልቀቁት፤ እንደ ልብስ ካሻችሁት ተጣብቆ ዳግም አይበጠርም። ውኃው እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ ለውጡ፣ ከዚያ በንጹሕ ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ግንድ ላይ ሰቅላችሁ አንጠፍጥፉት።

ማልፊያው

ቆዳ የሚለፋው በብዙ መንገድ ነው። ጠጉሩን ሳያቆሽሽ ለጀማሪ የሚመቸው ለውኃ ማጥሪያ የሚያገለግለው አልሙኒየም ሰልፌት ነው። አዲስ አበባ ካሉ የኬሚካል መሸጫዎች በኪሎ ይገኛል። ለአንድ ቆዳ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

አልሙኒየም ሰልፌት 450 ግራም፣ በ4 ሊትር ለብ ያለ ውኃ የሚሟሟ
ጨው 225 ግራምና ቤኪንግ ሶዳ 65 ግራም፣ በሌላ 2 ሊትር ውኃ አብረው የሚሟሙ
የስንዴ ዱቄት፣ ለማወፈሪያ

ሁሉም በፕላስቲክ ዕቃ ይሁን። ብረት ቆዳውን ያበላሻል፣ የአልሙኒየም ድስትም ይበላል። ጓንት አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ጭረት ካለ ያቃጥላል። የሶዳውን ውኃ በአልሙኒየሙ ውኃ ላይ በጣም በዝግታ፣ በእንጨት እያማሰላችሁ አፍስሱ። ይፈላል፣ አረፋም ይደፍቃል፤ ስለዚህ ዕቃው እጥፍ የሚይዝ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከደፋችሁት ነጭ ጓል ሠርቶ ይቀመጣል፣ ያ ደግሞ ወደ ቆዳው አይገባም። ሶዳው የሚጨመረው አልሙኒየሙ ከቆዳው ጋር አጥብቆ እንዲይዝ ነው፤ በዝቶ ከተጨመረ ግን ላዩን ብቻ ዘግቶ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል። በዓይን ግምት አይሆንም፣ በሚዛን ነው።

ዱቄቱን በጥቂት ውኃ በጥብጡና እንደ እንጀራ ሊጥ እስኪሆን ከተዘጋጀው የአልሙኒየምና የሶዳ ውኃ ጋር አዋሕዱ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታወፍሩት፤ ሢሶውን ለዛሬ፣ የቀረውን ተከድኖ ለሚቀጥሉት ቀናት አቆዩ። ቆዳው ጠጉሩ ወደ ታች ሆኖ በሳንቃ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይዘርጋ፣ ጠርዙ በማይዝግ ሚስማር ይያዝ። ሊጡን 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስይዛችሁ ቀቡት፣ በላስቲክ ሸፍኑት። በማግሥቱ የቆየውን ፍቃችሁ አዲስ ቀቡ። በሦስተኛው ቀን ድገሙ፤ ይህ የመጨረሻው ቅብ ሦስት አራት ቀን ይቆይ። ላስቲኩ ሊጡ እንዳይደርቅ ነው፤ የመንዝ ነፋስ በጥቅምትና በኅዳር በግማሽ ቀን ያደርቀዋል፣ የደረቀ ሊጥም ሥራውን ያቆማል። ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ቆዳው ቤት ውስጥ ይደር።

መልፋቱን ለማወቅ ከአንገቱ ጠርዝ ቀጭን ስንጣቂ ቁረጡ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ከሆነ ደርሷል። መሐሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ ክር ከታየ ገና ነው፤ አንድ ቅብ ጨምሩና ሁለት ቀን ጠብቁ።

የተፋቀው ሊጥና የታጠበበት ውኃ ጨውም አሲድም አለበት። ከጉድጓድ ውኃና ከማሳ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋ። ገብስ ማሳ ላይ ከፈሰሰ ቦታው ሣር እንኳ አይበቅልበትም።

ዘይትና ማልፋት

ሊጡ ከተፋቀ በኋላ የሥጋውን ወገን በ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ቶሎ አጥባችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። ውኃው ይንጠፍጠፍ። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ የሦስት እንቁላል አስኳል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጉሎ ዘይትና ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አንድ ላይ መትታችሁ በሥጋው ወገን ብቻ በእጅ አሹ። ቅቤ አትጠቀሙ፤ ሲቆይ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የኑግ ዘይትም ሲደርቅ ስለሚጣበቅ አይሆንም።

ቆዳውን በእንጨት ፍሬም ላይ በሲባጎ ወጥራችሁ ጥላ ሥር አቁሙት። ከዚህ በኋላ ጊዜ የሚሰርቅባችሁ ነፋሱ ነው። ቆዳው ከጠርዝ ጀምሮ ይደርቃል፤ መሐሉ ሳይደርቅ ጠርዙ እንዳይጠነክር እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ሲነካ ቀዝቀዝ የሚል ነገር ግን ውኃ የማያወጣ ሲሆን፣ ከፍሬሙ አውርዳችሁ ማልፋት፣ ማለትም እየጎተቱ ማለስለስ፣ ጀምሩ። ጫፉ የደነዘ ሳንቃ ወይም የወንበር መደገፊያ ላይ የሥጋውን ወገን እያሻችሁ በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ጎትቱ። የተለጠጠው ቦታ ወዲያው ነጭ ይሆናል፤ ያ ነጭ ምልክት ክሮቹ እንደተላቀቁ ይነግራችኋል። ነጭ ያልሆነውን ቦታ እየፈለጋችሁ በየአቅጣጫው ሥሩ። ጉልበት የሚፈልገው ይህ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ። አድሮ ከደረቀና እንደ ሳንቃ ከጠጠረ አትሰብሩት። እርጥብ ፎጣ በሥጋው ወገን ላይ አንጥፋችሁ ጠቅልላችሁ ያድር፣ ጠዋት ቀጥሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

በክረምት ወራት ይህን ደረጃ መጀመር አይመከርም። በሐምሌና ነሐሴ ጭጋግ ቆዳው ሳይደርቅ ሻጋታ ያወጣል። የዘመን መለወጫ በግ ከሆነ በጨው አቆይታችሁ የክረምቱ ዝናብና ጭጋግ ሲያልፍ ጀምሩ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻሉት የገናና የጥምቀት በጎች ናቸው፤ አየሩ ደረቅ፣ ብርዱም ቆዳውን የሚጠብቅ ነው።

ደርቆ ከለሰለሰ በኋላ የሥጋውን ወገን በአሸዋ ወረቀት ለስልሱት። ጠጉሩ ላይ ለብ የተደረገ ፉርሽካ ነስንሳችሁ በጣት አሹ፤ የቀረውን ቅባትና ሽታ ይመጥጣል። አራግፉና በሽቦ ብሩሽ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር አበጥሩ። ከሥር ከጀመራችሁ ትነቅሉታላችሁ።

ሲበላሽ

ጠጉሩ በቁራጭ በቁራጭ ከለቀቀ ምክንያቱ መዘግየት ወይም ጨው ያልደረሰበት ቦታ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ የተራቆተውን ቆርጦ የቀረውን የወንበር ልብስ ማድረግ ይቻላል። ቢጫና ተለጣፊ ከሆነ ስቡ አልወጣም፤ ከፉርሽካው ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። በቦታ በቦታ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ እዚያ ላይ ገለፈቱ ቀርቷል፤ በአሸዋ ወረቀት አንሡትና እርጥብ ጨርቅ አሳድራችሁ እንደገና አልፉት። ትንሽ ቀዳዳ ከጀርባው በኩል በሰም በተቀባ ክር ይሰፋል፤ መስፋቱ ከማልፋቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፣ አለዚያ ሲጎተት ቀዳዳው ይተልቃል።

በዚህ መንገድ የለፋ አጎዛ ውኃ ውስጥ አይነከርም። አልሙኒየሙ ታጥቦ ይወጣና ቆዳው ወደ ጥሬነቱ ይመለሳል። ጠጉሩ ሲቆሽሽ በትንሽ አረፋ በጨርቅ ይጠረግ፣ ጀርባው እርጥብ እንዳይሆን፣ ጥላ ሥር ይድረቅ። ለሽያጭ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ለገዢው በግልጽ ንገሩት፤ ሳያውቅ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከከተተው የሚወቅሰው ሠሪውን ነው። ብል ጠጉር ይበላልና በየወሩ ወደ ውጭ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ሳትጠቀሙበት ስትቀሩ ናፍታሊን አድርጋችሁበት በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት። ላስቲክ ውስጥ አይታሸግ፣ ይታፈናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩት አንድ ቆዳ ብቻ ይሁን፣ ያውም ጥቁር ወይም ቡናማ ጠጉር ያለው። ነጭ አጎዛ ይማርካል፣ ግን የደም ነጠብጣብም የሳሙና ስሕተትም እሱ ላይ ሁሉም ይታያል።